መሪው ሲከብድ

«መሪው ከብዶኛል» አለ ሹፌሩ። ጋራዡ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ምን ይደረግ፣ የእኛ ጆሮ ይህን ቃል ሲሰማ ሁለት ቦታ ይሄዳል። ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩት እኔማ ሦስት ቦታ ሳይሄድብኝ አልቀረም። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። የሚያወራው ስለ ጭነት መኪናው መሪ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ሲሚንቶ ጭኖ ጣርማ በርን ሊወርድ ነው። እኔም ዛሬ የማወራው ስለዚያው ስለ መኪናው መሪ ነው። ወርቁን የፈለገ ራሱ ይቆፍር።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ጣሊያን አገራችንን ይዞ በቆየባቸው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ የጣርማ በር ዋሻ ተፈለፈለ፤ እንደ ፊያት 634 ያሉ ከባድ መኪናዎችም መጡ። ሽማግሌዎቹ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት እሱን ነው። መኪናው ሲመጣ ቃላቱንም ይዞ መጣ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ፎሌ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። መሪን ግን በራሳችን ቃል ጠራነው። አያንሰውም፤ በዚያ ዘመን መሪ የሚዞረው በሰው ጉልበት ብቻ ነበርና።

አንድ ጡረተኛ ሹፌር ሲያጫውቱኝ፣ ጣርማ በርን ወርደው ደብረ ሲና ሲደርሱ እንጀራ መቁረስ ያቅታቸው ነበር። ረዳታቸው ነበር የሚያጎርሳቸው። አውራ ጣትን መሪው ላይ መጠምጠምም ክልክል ነው፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ተሽከርክሮ ጣት ይሰብራል። ታዲያ ያ መሪ ክንድ ቢያዝልም ወሬ አይደብቅም ነበር። ጎማው ቢተነፍስ፣ ፔርኖው ግራሶ ቢያጣ፣ ሹፌሩ በመዳፉ ያውቀዋል።

ከዚህ ሸክም የገላገለን ሐሳብ የተወለደው አሜሪካ ነው። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል መሐንዲስ ፒርስ-አሮው በተባለው ፋብሪካ የጭነት መኪና ክፍል ሲሠራ የከባድ መኪናን መሪ ጣጣ በቅርብ አይቷል። ሥራውን ለቅቆ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋልታም በምትባል ከተማ፣ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1926 መኪና ላይ ገጥሞ አሳየ። ጄኔራል ሞተርስ ውል ቢገባለትም፣ የኢኮኖሚው ድቀት መጣና በ1934 ተወው። ፈጠራው ሰፊ ሥራ ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ብረት ለበስ የጦር መኪናን በክንድ ብቻ ማዞር አልሆን አለና። በ1951 ክራይስለር ኢምፔሪያል በተባለው የቤት መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። እያለ እያለም ወደ እኛ ከባድ መኪናዎች ደረሰ።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ ፖምፓውን ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ሳጥን ይገፋል፤ ዘይቱ ሹፌሩን አግዞ ጎማውን ካዞረ በኋላ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ሞተር ከጠፋ እገዛው ይቀራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው፣ ሳያውቀው ወደዚያ ወደ ትሬንታ ኳትሮ ዘመን ይመለሳል፤ የዚያ ዘመን ሹፌር ክንድ ግን የለውም።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። «ጋሼ፣ ፖምፓው የሞተ ይመስለኛል» አለ ሹፌሩ። ሸበቶው መካኒክ መልስ አልሰጠም። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈተ። ዘይቱ ጠቁሯል፤ አረፋም ደፍቋል።

«ዘይት የሚጨምረው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ረዳቱ ኮራ ብሎ። «በየሳምንቱ እጨምራለሁ። ጎድሎ አያውቅም።»

«በየሳምንቱ የጨመርከው ታዲያ የት ሄደ?»

ጋራዡ ፀጥ አለ። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ዝግ በሆነ መንገድ ሲዞር ይኖራል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው። ዘይት ጎድሎ አየር ሲገባ ፖምፓው ይጮሃል፤ መሪው ይከብዳል። ጩኸቱ ለወራት ተሰምቷል፤ ሰዎቹ ደግሞ ሬዲዮ ከፍ አድርገዋል።

መካኒኩ አስቀድሞ ቺንጋውን ነካ፤ አልላላም። ቱቦዎቹን በጨርቅ እየጠረገ ተመለከተ። በእጅ አይዳብስም፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባልና። አንድ መጋጠሚያ ላይ ማሸጊያው አርጅቶ ሲያፈስ ተገኘ። እሱን ለወጠ። ከዚያ ዘይቱን ማጠብ ጀመረ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ ደገፋ አስገባ፤ የመመለሻ ቱቦውን ፈትቶ ጀሪካን ውስጥ ከተተ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ረዳቱን መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዟዙረው አለው። ጥቁሩ ሲወጣ ከላይ አዲሱን ያፈሳል፤ ንጹሕ ወርዶ እስኪታይ ድረስ። ማጣሪያውን ቀይሮ፣ ቱቦውን መልሶ፣ ሞተሩን አስነሳ። አረፋው እስኪጠፋ መሪው ቀስ እያለ ዞረ። «ጥግ ላይ ይዘህ አትቆይ፣ ፖምፓውን ትገድለዋለህ» ይላል በየመሃሉ። ዘይቱም የተገኘው ሁሉ አይደለም፤ ፋብሪካው ያዘዘው ነው። የፍሬን ዘይት የጨመረ ሰው የጎማ ማሸጊያዎቹን በገዛ እጁ አበላሸ ማለት ነው።

እኔን ያስገረመኝ የረዳቱ ኩራት ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ በየሳምንቱ ሲለፋ ከርሟል። ግን የልፋቱ ውጤት ቀዳዳውን መሸፈን ነበር። ስንት ቦታ ነው እንዲህ የምናደርገው? የጎደለውን መሙላት ሥራ ይመስላል፤ ያስመሰግናልም። የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ግን ነገረኛ ያሰኛል። የድሮው መሪ ሕመሙን በክንድ ይናገር ነበር። የዛሬው የሚናገረው በድምፅና በዘይቱ መልክ ነው፤ ሰሚና ተመልካች ከሌለ ቁልቁለቱ ላይ ይናገራል።

ማታ ሥራው አልቆ መኪናው ከጋራዡ ሊወጣ ሲል ሹፌሩ መሪውን በአንድ እጁ አዞረውና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ረዳቱ ግን ቶሎ አልተሳፈረም። መኪናው ከቆመበት ፈቀቅ እስኪል ጠብቆ፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሲያይ አየሁት።