የአጎታችን ደብተር

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም ይህን አምነን ኖረናል። ሆኖም በሀዳር ሃካርሜል በሚገኘው ቤታችን ያጋጠመን ነገር ተረቱን ደግመን እንድናስብበት አደረገን። ተመሳሳይ ደብተር በየቤታችሁ እንደሚኖር ስለምንገምት፣ የደረሰብንን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

አጎታችን ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የተዉልን ቅርስ በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ነው፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር፣ ሦስት ፎቶግራፎችና ከጎንደር አገር ይዘውት የመጡት መወርወሪያ። ሸማኔ ነበሩ። የመሬት ርስት የተነፈገው የቤተ እስራኤል ሕዝብ፣ ወንዱ በሽመናና በብረት ሥራ፣ ሴቱ በሸክላ ይተዳደር እንደነበር የታወቀ ነው። አጎታችን ፊደል የቆጠሩት ከጎለመሱ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለዚህ ፊደሎቻቸው ትልልቅ፣ ዐረፍተ ነገሮቻቸውም አጫጭር ናቸው።

ስለ ሕዝባችን ብዙ ተጽፏል። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1860ዎቹ፣ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ ከ1904 ጀምሮ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን መጥተው ያዩትን ጽፈዋል። ከወገኖቻችንም ፋይትሎቪች ወደ አውሮፓ ወስደው ያስተማሯቸው ታምራት አማኑኤል፣ እንዲሁም የወለቃው ተወላጅ ዮና ቦጋለ ጽሑፎችንና ደብዳቤዎችን ትተውልናል። የፋይትሎቪች ስብስብ ዛሬ በተል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ጠባቂም ተመራማሪም አለው። የሸማኔው ደብተር ግን ከቤተሰቡ በቀር ጠባቂ የለውም።

ደብተሩ የተጻፈው በመንገድ ላይ አይደለም። በሱዳን ወገኖቻችን እስራኤላዊነታቸውን ደብቀው ይኖሩ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ወረቀት መያዝ አደጋ ነበረው። አጎታችን የጻፉት እዚህ ከገቡ በኋላ፣ በመርካዝ ቅሊታ ሳሉ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰባት ቤት ድረስ የትውልድ ሐረጋቸውን ቆጥረዋል። ቀጥሎ መንገዱ ይመጣል፦ «ግንቦት 1976 ከቀያችን ተነሣን። ሰኔ ኡም ራኩባ ደረስን። ሐምሌ ልጅቱ ቀረች። ኅዳር 1977 ገባን።» ይኸው ነው።

ታዲያ የልጅ ልጃቸው በትምህርት ቤት የ«ሾራሺም» ሥራ፣ ማለትም የቤተሰቡን ታሪክ ጽፎ እንዲያመጣ ታዘዘ። እናቱ እዚሁ የተወለደች ስለሆነች አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ ይከብዳታል። ፊደል እየለቀመች አነበበችለት፤ እርሱም በዕብራይስጥ ጻፈ። ስናየው «ቤተሰባችን በ1977 ሀዳር ገባ» ይላል። የወሩ ስም የሰፈራችን ስም መስሎት፣ ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶት ኖሯል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1977 ማለት እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 9 ቀን 1984 ያለው ጊዜ ነው። የሙሴ ዘመቻ የተጀመረው በዚሁ ወር፣ ኅዳር 12 ቀን (ኖቬምበር 21) ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሀዳር የወጣው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ስሕተት አሳቀን። ሁለተኛው ግን አላሳቀንም። ልጁ «አክስቴ ሱዳን ቀረች» ብሎ ጽፎ፣ «እስከ ዛሬ እዚያ ትኖራለች» የሚል ጨምሮበታል። «ታዲያ ለምን አናመጣትም?» ብሎም ጠየቀ። ዘመዶቻቸውን ከጎንደር ለማምጣት የሚጠባበቁ ጎረቤቶች ስላሉን፣ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። የአጎታችን ባለቤት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ቀረች ማለት ሞተች ማለት ነው። አያትህ ሞተች ብለው መጻፍ አልሆነላቸውም» አሉት። ከዚያም የልጅቱን ስም ነገሩን። ሁለት ዓመቷ ነበር። ማን እንደቀበራት፣ በምን ጨርቅ እንደተገነዘች ተናገሩ። እኛ የወንድማቸው ልጆች በሰሎሞን ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የመጣን ስለሆንን ይህን አናውቅም ነበር። እናቱም የእኅቷን ስም የሰማችው ያን ቀን ነው። በደብተሩ ውስጥ ስሟ የለም፤ የነበረው በእናቷ አፍ ብቻ ነው።

በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። መንግሥት ሐውልቱን ሊያቆም ይችላል። ስሙንና «ቀረ» የተባለውን ቃል ፍች ግን ከየቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የትውልድ ሐረጉም ነገር እንዲሁ ነው። በአገራችን ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጌጥ አልነበረም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሽማግሌዎች ሳይቆጥሩ ጋብቻ አይታሰብም ነበር። እዚህ ደግሞ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ ለብዙዎችም አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጣ። የአንድ ሰው ልጆች በልዩ ልዩ የቤተሰብ ስም የሚጠሩበት ጊዜ አለ። ወጣቶቻችን በመታወቂያቸው ብቻ ዝምድናቸውን ሊያውቁ አይችሉም።

ስለዚህ ከስሕተታችን የተማርነውን እንንገራችሁ። ደብተሩን ለብቻችሁ አታንብቡት፤ ከሚያውቁት እናት ወይም አባት አጠገብ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ የሚሉትንም በስልካችሁ ቅዱት። ቀኑን በጸሐፊው አቆጣጠር እንዳለ ተዉትና የፈረንጁን በሌላ ወረቀት ጻፉ። በዋናው ላይ አትሰርዙ፣ አታርሙ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት። በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። መወርወሪያውም የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ነገ ተራ እንጨት ነው።

ሀዳር ስለ ቋንቋ የተሟገተ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በቴክኒዮን በየትኛው ቋንቋ ይማሩ በሚል ታላቅ ክርክር ተነሥቶ በመጨረሻ ዕብራይስጥ አሸንፏል። ልጆቻችንም ዕብራይስጡን ይዘዋል፤ ደስ ይለናል። ከዚያ ጋር ግን ኅዳርን ከሀዳር የሚለዩበት አማርኛ ይኑራቸው።

ልጁ ሥራውን እንደገና ጻፈው። አሁን የአክስቱ ስም በዕብራይስጥም በአማርኛም ሰፍሯል። የአማርኛውን ፊደል አያቱ እጁን ይዘው አጻፉት።