ሐዲድ የወሰነው የቤት ቁመት፦ የሞዴል ባቡር ሕንፃዎች ስኬል ታሪክ

በሞዴል ባቡር ሥራ ስኬል የሚባለው በእውነተኛው አካልና በሞዴሉ መካከል ያለው የመጠን ምጥጥን ሲሆን፣ ስኬሉ 1:87 ነው ሲባል በእውነተኛው ሕንፃ ላይ 87 ሚሊ ሜትር የሚለካው ነገር በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ጋር ዘወትር የሚምታታው ሌላው ልኬት የሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ የብረት ሐዲዶች የውስጥ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት ነው። የጣቢያውን፣ የመጋዘኑንና በመስመሩ ዳር የሚቆመውን መንደር መጠን መወሰን የሚገባው ስኬሉ ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ውሳኔውን ሲሰጡ የኖሩት ሐዲዱና በሎኮሞቲቩ ውስጥ የሚገጠመው ሞተር ነበሩ፤ ሕንፃው የሚታሰበው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር።

በጀርመን በጎፒንገን ከተማ የሚገኘው የመርክሊን የአሻንጉሊት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ በሞላ የሚንቀሳቀስ ባቡር፣ ሊቀጣጠልና ሊሰፋ ከሚችል ሐዲድ ጋር ባቀረበ ጊዜ፣ ለሐዲዶቹ ስፋት 1፣ 2 እና 3 የሚል ቁጥር ሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሁሉም የሚጠብ ሐዲድ ሲመጣ 0 ቁጥር ተባለ፤ ስፋቱም 32 ሚሊ ሜትር ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ሐዲድ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን ከቆርቆሮ ተሠርተው በቀለም ያጌጡት ጣቢያዎች ከባቡሩ ጋር የሚያዛምዳቸው የታወቀ ምጥጥን አልነበራቸውም። ዕቃው የልጆች መጫወቻ ስለነበር፣ የበሩ ቁመት ከባቡሩ በር ጋር ባይመጣጠን የሚቆጨው ገዢ ጥቂት ነበር።

ጉዳዩ የተወሳሰበው ባቡሩ አንሶ ከወለል ወደ ጠረጴዛ በወጣ ጊዜ ነው። የኑረምበርጉ የቢንግ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 የጠረጴዛ ባቡር ካወጣ በኋላ፣ በ1935 ትሪክስና መርክሊን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትናንሽ ባቡሮችን ለገበያ አቀረቡ፤ በዚህ መንገድ የጸናው የሐዲድ ስፋትም 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በአብዛኛው አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መደበኛ የሆነው የ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለ16.5 ሲካፈል 87 ስለሚሰጥ፣ የ0 ቁጥር ግማሽ ያህል በመሆኑ ኤች ኦ የተባለው ስኬል 1:87 ሆነ። በብሪታንያ ግን ቀደምት ድልድዮችና ዋሻዎች ጠባብ ስለነበሩ ባቡሮቹ ከአህጉሩ ባቡሮች ያነሱ ናቸው፤ በ1:87 ቢሠሩ የዚያ ዘመን ሞተር በውስጣቸው አይገባም ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ባለበት ተትቶ የባቡሩ አካል ብቻ እንዲያድግ ተደረገ፤ አንድ ጫማ፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር፣ በ4 ሚሊ ሜትር ተወከለና 1:76.2 የሆነው ደብል ኦ የሚባለው ስኬል ተፈጠረ፤ በ1938 የወጣው ሆርንቢ ደብሎም በአገሪቱ አጸናው። የዚህ ስምምነት ዋጋ በቀላሉ ይሰላል፦ 16.5 በ76.2 ሲባዛ ወደ 1,257 ሚሊ ሜትር ስለሚመጣ፣ የብሪታንያው ሞዴል ባቡር የሚሄደው ከእውነተኛው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚጠብ ሐዲድ ላይ ነው።

ሕንፃ የሚሠራው ሰው የወረሰው ይህንን አለመጣጣም ነው። 9 ሜትር ቁመት ያለው ጣቢያ በ1:76.2 ሲሠራ 118 ሚሊ ሜትር፣ በ1:87 ሲሠራ ደግሞ 103 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው ለማንም ዓይን ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ብዙ የሕንፃ መገጣጠሚያዎች ለሁለቱም ስኬል ይሆናሉ ተብለው ሲሸጡ ኖረዋል። በጀርመን በጥቁር ደን አካባቢ በጉተንባህ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የፋለር ድርጅትና ተፎካካሪዎቹ ያወጧቸው ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች ለኤች ኦ የተባሉ ቢሆንም ወደ 1:100 የተጠጉ ናቸው፤ በጠባብ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቤት እንዲያርፍ ሲባል ግድግዳው ሲቀነስ፣ ሰው የሚያልፍበት በር ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አልተቀነሰም። በዚህ ምክንያት በሩን ብቻ ለክቶ ስለ መላው ቤት መፍረድ ያሳስታል።

ስኬሉ ያልተጻፈበትን ሕንፃ ለመመርመር ከሁሉ የሚታመነው የጡቡ ረድፍ ነው። 2 ሜትር የሆነ በር በ1:76.2 ወደ 26፣ በ1:87 23፣ በ1:100 ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የመጀመሪያ ፍንጭ ይሰጣል፤ ነገር ግን በር እንደ ቤቱ ባለቤት አቅምና ፍላጎት ይረዝማል፣ ያጥራል። በእንግሊዝ ግድግዳ ላይ ግን አራት የጡብ ረድፍ ከነማያያዣው ብዙውን ጊዜ አንድ ጫማ ያህል ስለሚሞላ፣ በ4 ሚሊ ሜትሩ ስኬል እያንዳንዱ ረድፍ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለካዩ 40 ረድፍ ቆጥሮ ማስመሪያውን ሲያስጠጋ ቁመቱ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግድግዳው ደብል ኦ ነው፤ 35 ከሆነ ኤች ኦ ነው፤ ወደ 30 ከወረደ ደግሞ 1:100 አካባቢ ነው። የሚለካው ቤት የየት አገር እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል፤ በተለመደው የጀርመን ጡብ 12 ረድፍ 1 ሜትር ስለሚሞላ፣ በ1:87 እነዚያ 12 ረድፎች 11.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለባቸው።

ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ወደ ሙያው የገባው ሕንፃውን ከባቡሩ እኩል ባከበሩ ሰዎች ጥረት ነው። እንግሊዛዊው ጆን አኸርን ማደር ቫሊ በተባለው የፈጠራ መስመሩ ላይ እውነተኛ ቤቶችን እያጠና በመሥራትና የአሠራሩን ዘዴ በመጽሐፍ በማሳተም መንገዱን ከፈተ። ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የመጣው ሮይ ኢንግላንድ ደግሞ በዋይት ሆርስ ሸለቆ ያሉ የሣር ክዳን ቤቶች እየተለወጡና እየጠፉ መሆናቸውን ተመልክቶ፣ እየለካና እየመዘገበ በ4 ሚሊ ሜትሩ ስኬል ሊያቆያቸው ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የመሠረተው የፔንደን ሙዚየምም የአኸርንን መስመር ጭምር ይዞ እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ሥራ ስኬል ከፋብሪካ ምርጫነት አልፎ የታሪክ ማስረጃ ሆነ፤ የኢንግላንድ ታላቅነትም እዚህ ላይ ነው።

በኋላ የመጡት ትናንሽ ስኬሎች ያንኑ ስሕተት ደገሙት። በ9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄደው ኤን ስኬል በአህጉረ አውሮፓ 1:160 ሲሆን፣ በብሪታንያ 1:148፣ በጃፓን ደግሞ 1:150 ነው፤ ስለዚህ የኤን ቤት የሚገዛ ሰው ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ማንበብ አለበት።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ስሌት የሚሠራበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር በመሆኑ በ1:87 ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለዚህም በገበያ ያለው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በዚያው ስኬል 16.5 ይፈልጋል። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ስኬል ማኖር የሚቻል ሲሆን፣ የአሮጌውን መስመር የአዲስ አበባ ጣቢያ ለገሀርን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ግን ከሐዲዱም ሆነ ከተዘጋጀ መገጣጠሚያ ሳይነሣ፣ ሕንፃው ቆሞ ሳለ በሩን፣ መስኮቱንና የግድግዳውን ድንጋይ በሜትር ለክቶ ሊመዘግብ ይገባዋል።