ቃል የመሬት ካርታ አይሆንም

ሩሲያዊውም፣ ፖላንዳዊውም፣ ሰርቡም ማረሻን «ፕሉግ» ይላሉ። አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉ ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች የተወሰደ ነው ይላሉ። ከዚህ ተነስቶ «ስላቮች እርሻን የተማሩት ከጀርመኖች ነው፤ መሬቱም ቀድሞ የእነሱ አልነበረም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

ስላቮች ከዚያ በፊት የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ጥንተ ስላቪክ በጽሑፍ ባይቆይም፣ ሊቃውንት ልጆቹን ቋንቋዎች አነጻጽረው «ኦርድሎ» የሚል ቃል መልሰው ገንብተዋል። «ኦር» ማረስ ነው፤ «ድሎ» ደግሞ ከግሥ የመሣሪያ ስም የሚያወጣ ቅጥያ ነው። አማርኛ «ማ»ን ከፊት አስቀድሞ ከ«አረሰ» «ማረሻ»ን እንደሚያወጣ ማለት ነው። ጾታውም ወንድም ሴትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ነው። በኋላ «ኦር» ወደ «ራ» ተገለበጠ። ቼክኛ «ድ»ን ይዞ «ራድሎ» ሲል፣ ሩሲያኛና ሰርብኛ ጥለውት «ራሎ» አሉ።

ዘመዶቹም ሩቅ ይደርሳሉ፦ የላቲኑ «አራትሩም»፣ የግሪኩ «አሮትሮን»፣ የሊቱዌንያው «አርክላስ»። ሊቱዌንያውያን ፈረስን «አርክሊስ» የሚሉት ከዚሁ ከማረሻው ስም ወስደው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ «አረሰ» ከ«ኦር» ጋር የተዛመደ ይመስላል፤ አይደለም። ግእዙ «ሐረሰ» ነው፤ የዕብራይስጡ «ሐራሽ» ወንድም። አማርኛ «ሐ»ን ስለጣለ ብቻ ተመሳሰሉ። መመሳሰል ዝምድና አይደለም።

ታዲያ «ፕሉግ» ለምን መጣ? መሣሪያው ስለተለየ ነው። «ራሎ» እንደ እኛ የበሬ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ከባዱ ፕሉግ ግን ይገለብጣል። አዲስ ዕቃ ስሙን ይዞ ይገባል። «ትራክተር» የሚለውን ቃል ከውጭ መውሰዳችን እርሻን ከውጭ ተማርን እንደማያሰኝ ሁሉ ማለት ነው።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኪየቭ ላይ የተጠናቀረው ዜና መዋዕል ሁለቱንም ቃላት ይዟል። በ964 እ.ኤ.አ. ቪያቲቺ የተባሉት ስላቮች ለካዛሮች በየ«ራሎ»ው ግብር እንደሚከፍሉ ይናገራል። በ981 ደግሞ የኪየቩ ልዑል ቭላድሚር በእነዚሁ ሰዎች ላይ በየ«ፕሉግ»ው ግብር ጣለባቸው።

ጌታው ተቀየረ፤ የማረሻውም ስም ተቀየረ። ከፋዩ ግን ያው ገበሬ ነው። ቃል ሰዎች ከማን ጋር እንደተገናኙና ምን እንደተቀበሉ ይነግረናል። መሬቱ የማን እንደሆነ ግን ሊፈርድ አይችልም።