ሳይወድቁ መሳሳት
የምስለ በረራ ትምህርት ታሪክና ወሰኑ

መግቢያ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜን ሸዋን ክፉኛ በመታ ጊዜ፣ የመንዝና የግሼን ሕዝብ ለረሃብ ያጋለጠው የዝናብ መጥፋት ብቻ አልነበረም። የእርዳታ እህል ወደ አገር ከገባ በኋላም ወደ ብዙው የደጋ ቀበሌ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አልነበረም። ስለዚህ በዚያው ዓመት በጥር ወር የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች የጭነት አውሮፕላኖች በግሼ በራቤል አካባቢ ከመሬት እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል መጣል ጀመሩ። የፖላንድ ኤም.አይ-8 ሄሊኮፕተሮች ደግሞ አስቀድመው እያረፉ፣ የመጣያውን ሜዳ የሚያዘጋጁትንና የወደቀውን እህል የሚያሰባስቡትን ሰዎች ያመላልሱ ነበር።

ይህ ሥራ ለአብራሪው ቀላል አልነበረም። የመንዝ አምባ በብዙ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ወደ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፀሐይ ሲበረታም ይበልጥ ይሳሳል። ስስ አየር የሄሊኮፕተሩን ተሽከርካሪ ክንፍ በደንብ አይደግፍም፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። በመሆኑም በቆላ ያለችግር የሚነሣ ጭነት በደጋ ላይ አልነሣ ሊል ይችላል። በዚህ ላይ የአምባው ጠርዝ በድንገት ወደ ገደል ይቆረጣል።

እንዲህ ያለው ሙያ በምን ዓይነት ትምህርት ይገኛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ስሕተት ሕይወት በሚያስከፍልበት ሙያ ተማሪው የሚሳሳተው የት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ከታሪክ መመርመርና መልሱ እስከምን ድረስ እንደሚያስኬድ ማሳየት ነው።

ጉግስና የጦር ሜዳ

አደገኛ ሙያን አደጋው በተቀነሰበት ስፍራ መለማመድ ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። የጉግስ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በጉግስ ጦሩ በዘንግ ይተካል፤ ፈረሱ ግን እውነተኛ ፈረስ፣ ግልቢያውም እውነተኛ ግልቢያ ነው። ፈረሰኛው ማሳደድን፣ መሸሽን፣ በጋሻ መመከትንና ፈረሱን በአንድ እጅ መግራትን በዚያ ሜዳ ይማራል። ከፈረስ መውደቅ ቢኖርም፣ የተሳሳተ ሰው በአብዛኛው አቧራውን አራግፎ እንደገና ይወጣል።

ይሁን እንጂ ጉግስ ሁሉንም አያስተምርም። በጨዋታው ሜዳ ተጋጣሚው ሕግ ያከብራል፤ በጦር ሜዳ ያለው ጠላት ግን ሕግ የለውም። ልምምዱ ክንድን ያሠለጥናል፤ ያልታሰበውን ነገር ግን አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም። ይህ ልዩነት ወደፊት ለሚነገረው ሁሉ ቁልፍ ነው።

በአንድ ዓመት የሆኑ ሁለት ነገሮች

የአውሮፕላን በረራ በተጀመረ ጊዜ ለአብራሪው እንደ ጉግስ ያለ ሜዳ አልነበረውም። ተማሪው ከመምህሩ ጋር በእውነተኛ አውሮፕላን ወጥቶ ይማር ነበር፤ ሲሳሳትም ሁለቱም አብረው ይወድቁ ነበር።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1921 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ የተለየ ዓመት ነው። በነሐሴ 12 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ በፈረንሳዊ አብራሪ እየተነዳ፣ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ፣ ኤድዊን ሊንክ የተባለ ሰው የበረራ ማለማመጃ መሣሪያ ሠርቶ ለፈጠራ መብት አመለከተ። ሊንክ የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበር። ኦርጋን የሚያሰማውን የወናፍ አየር ተጠቅሞ፣ አጭር ክንፍ ያላት ትንሽ ሣጥን መሰል አውሮፕላን መሬት ላይ እንደ ቆመች እንድታዘነብልና እንድትዞር አደረገ።

መሣሪያው በመጀመሪያ በመዝናኛ ስፍራ እንደ መጫወቻ ታየ። አመለካከቱ የተለወጠው በ1926 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፖስታ ማመላለስ ሥራ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፣ በሌሊትና በጉም ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልተማሩ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ስድስት የሊንክ መሣሪያዎች ገዛ። ተማሪው ክዳኑ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ጠቋሚዎችን ብቻ እያየ ይለማመዳል፤ መምህሩ ደግሞ አጠገቡ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተማሪው የሄደበትን መንገድ በካርታ ሲሣል ይከታተላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ10,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ተሠርተው ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ቀደምቶቹ አብራሪዎች፣ ከእነርሱም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ፣ ሙያውን የተማሩት በአየር ላይ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በቢሾፍቱ በስዊድናውያን ረዳትነት የአየር ኃይል ትምህርት ተቋቋመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ተኳቸው። ይህን ያስቻለው አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ማቋቋሙ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ የተሟላ የምስለ በረራ መሣሪያ፣ ማለትም ሲሙሌተር፣ ያለውና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም የሚያስተምር ሆኗል።

ሄሊኮፕተርን በምድር ላይ መማር

ለሊንክ ሣጥን የተሰጠው ጥቅም ለሄሊኮፕተር ሲሆን የበለጠ ይጎላል። የሄሊኮፕተር አብራሪ በግራ እጁ የሚይዘው መቆጣጠሪያ ማሽኑን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ በቀኝ እጁ ያለው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይመራዋል፤ በእግሮቹ የሚረግጣቸው ፔዳሎች ደግሞ የጅራቱን ተሽከርካሪ እያዘዙ አፍንጫውን ያዞራሉ። ችግሩ አንዱ ሲነካ ሌሎቹም መስተካከል ስላለባቸው ነው። ጀማሪ ተማሪ በአንድ ስፍራ ማንዣበብ ሲሞክር ማሽኑ ወደ ግራ ሲያዘነብል ዘግይቶ ያያል፤ ዘግይቶ ያየውንም ከመጠን በላይ ያርማል፤ ያን ለማረም ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይጣላል። ጉድለቱ የእውቀት ሳይሆን የመዘግየት ስለሆነ መድኃኒቱ መደጋገም ነው። ምስለ በረራም ከምንም በላይ የሚሰጠው ይህንኑ የመደጋገም ዕድል ነው።

በእውነተኛ ሄሊኮፕተር ላይ በሙሉ ሊለማመዱዋቸው የማይደፈሩ ነገሮችም አሉ። ሞተሩ ከመሬት አጠገብ ቢጠፋ አብራሪው የክንፉን ሽክርክሪት ጠብቆ ለማረፍ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። የጅራቱ ተሽከርካሪ ቢቆም ማሽኑ በራሱ ዙሪያ መሽከርከር ይጀምራል። ቀጥታ ወደ ታች በፍጥነት የሚወርድ ሄሊኮፕተር ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ገብቶ ሊሰምጥ ይችላል። በደጋ አምባ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሄሊኮፕተር ከመሬት አጠገብ ሲያንዣብብ ከበታቹ ያለው መሬት የአየሩን አወራረድ ስለሚገታ ያግዘዋል፤ የገደሉን ጠርዝ አልፎ ሲወጣ ግን ይህ እገዛ በቅጽበት ይጠፋል። በምስለ በረራ መምህሩ ከፍታውን 3,000 ሜትር፣ ጭነቱንም ከባድ አድርጎ ተማሪውን ወደዚህ ጠርዝ ሊመራው ይችላል። ተማሪው ሲወድቅ ሥዕሉ ይቆማል፤ ስሕተቱ ይመረመራል፤ ትምህርቱም ከቆመበት ይቀጥላል።

መሣሪያው ይህን ስሜት የሚፈጥረው በጥበብ ነው። ክፍሉ ሊረዝሙና ሊያጥሩ በሚችሉ ስድስት እግሮች ላይ ይቆማል። ወደ ኋላ ሲዘነብል ሥዕሉ ካልዘነበለ፣ በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ወደ ፊት በፍጥነት እንደ ተነዳ ይሰማዋል። ይሁን እንጂ የእግሮቹ ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ ረጅም እንቅስቃሴን አይሰጥም። ለማንዣበብ የሚያስፈልገው ዐይን የሚያርፍበት ሣር፣ ጠጠርና አቧራም በሥዕል ላይ እንደ እውነቱ አይገኝም። ስለዚህ ጀማሪው በስተመጨረሻ በእውነተኛ አየር ውስጥ ከመምህር ጋር መውጣቱ አልቀረም።

ማስመሰያው የማያውቀውን አያስተምርም

ከሁሉ የከበደው ወሰን ግን ሌላ ነው፤ እርሱንም ያሳየው ሄሊኮፕተር ሳይሆን የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ በደረሰው የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቶ ነበር።

አየር መንገዱ በወቅቱ የዚህ አውሮፕላን ሙሉ ምስለ በረራ ከነበራቸው ጥቂት የዓለም አየር መንገዶች አንዱ ነበር። ስለዚህ መሣሪያ አልጎደለም። ከአደጋው በኋላ በግንቦት ወር ግን አምራቹ ቦይንግ፣ የ737 ማክስ ምስለ በረራ ሶፍትዌር የተወሰኑ የበረራ ሁኔታዎችን፣ በተለይም በአውሮፕላኑ ላይ የደረሰውን ዓይነት ሁኔታ፣ በትክክል ለማሳየት የማይችል እንደ ነበረና እንደታረመ አስታወቀ። አስቀድሞም አውሮፕላኑ ከቀዳሚው ብዙም አይለይም ተብሎ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚሸጋገሩ አብራሪዎች በምስለ በረራ እንዲሠለጥኑ አልተጠየቀም ነበር። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን ይህን ሥልጠና ግዴታ ያደረገው በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም.፣ አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ሲፈቅድ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምስለ በረራ የሚያስተምረው የሠሪዎቹን እውቀት ነው። ሠሪው ያላሰበው ወይም ያልገለጠው አደጋ በመሣሪያው ውስጥ የለም፤ ስለሌለም ተማሪው አይለማመደውም፤ ስላልተለማመደውም የሌለ ይመስለዋል። ምስሉ እውነትን እየመሰለ በሄደ መጠን ይህ አደጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ምክንያቱም ሻካራ ምስል ጉድለቱን ራሱ ሲናገር፣ የተዋጣለት ምስል ግን ጉድለቱን ይሸፍናል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የሚሰጠው የማይክሮ ቲቺንግ ልምምድ በመሠረቱ ምስለ በረራ ነው። ሠልጣኙ ጓደኞቹን እንደ ተማሪዎች ቆጥሮ ለጥቂት ደቂቃ ያስተምራል፤ ይሳሳታል፤ ይታረማል፤ ማንም ልጅ አይጎዳበትም። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ሊስፋፋም ይገባል። ነገር ግን ጓደኞቹ ትምህርቱን አስቀድመው ያውቁታል፤ እንደ ጉግስ ተጋጣሚም ሕግ ያከብራሉ። በመንዝ ብርድ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ከክፍል የገባውን ልጅ ማንም አስመስሎ ሊያሳየው አይችልም። በግሼ ወይም በመርሐቤቴ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሚመደበው ጀማሪ መምህር ግን የሚያገኘው ይህንኑ ልጅ ነው።

ስለዚህ ማለማመጃ ሲታቀድ ሦስት ነገሮች አብረው መታቀድ አለባቸው። አንደኛ፣ ልምምዱ መደጋገምን የሚፈቅድ በቂ ጊዜ ይኑረው። ሁለተኛ፣ መምህሩ ልምምዱ የት ላይ እንደሚያበቃና ምን እንደማያሳይ ለሠልጣኙ በግልጽ ይንገረው። ሦስተኛ፣ ከሥራው ቦታ የሚመጣው ወሬ፣ በተለይም የውድቀት ወሬ፣ ወደ ማሠልጠኛው ተመልሶ ልምምዱን የሚያርምበት መንገድ ይዘርጋ። በ2011 ዓ.ም. የታየው ጉድለት በዋናነት የዚህ የሦስተኛው መንገድ መዘግየት ነበር፤ ዋጋውም በሰው ሕይወት ተከፍሏል።

በራቤል ሜዳ ያረፉት አብራሪዎች የትም ቢማሩ፣ ያንን ሜዳ፣ ያንን ስስ አየርና ያንን ገደል በልምምድ ክፍል ውስጥ አላገኙትም። በተማሩት ላይ ቦታው ያስተማራቸውን ጨመሩበት። መልካም ማለማመጃም ሰውን ለዚህ ያዘጋጃል፦ የተማረውን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ያልተማረው እንዳለም እንዳይዘነጋ።