ተራኪው ካረፈ በኋላ

ሰበታ ላደግን ሰዎች ራዲዮ ሲነሣ ሁለት ነገሮች አብረው ይታወሱናል። አንደኛው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ጌጃ በሚባለው ሜዳ ላይ የቆሙት የማሰራጫ ምሰሶዎች ናቸው። ሁለተኛው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ምሰሶዎቹ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው ለብሥራተ ወንጌል ራዲዮ የተተከሉ ሲሆኑ፣ ጣቢያው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ሲወረስ አብረው ተወረሱ። እኔ በልጅነቴ ይህን ሁሉ የት አውቄ! ወጋየሁ ራሱ እዚያ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ የሚያነብልን፣ እኛም ለቦታው ቅርብ ስለሆንን ከሌላው አገር ሰው ቀድመን የምንሰማው ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ራዲዮ የነበረው ቤት ጥቂት ነው። የእኛ ራዲዮ ድንጋዩ ሲደክም ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ለሌላ ዝግጅት ተብሎ አይከፈትም፣ ለ«ከመጻሕፍት ዓለም» ይቆጠባል። ሰዓቱ ሲደርስ ከጎረቤት የሚመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ዐይናቸው አያይም፤ በሰበታው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በብሬል የሚያነቡ ሰው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን እንደ ሁላችንም በጆሯቸው ነበር ያነበቡት። ትረካው ሲጀመር አንገታቸውን ወደ ራዲዮው ዘንበል አድርገው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ ማንም ሰው እንዲያስነጥስ እንኳ አይፈቅዱም።

አንባቢ ሆይ፣ ያንን ትረካ የሰማህ እንደሆነ የምለው ይገባሃል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ በራዲዮ ሲተርከው ግን ሁለተኛ ጊዜ የተጻፈ ያህል ሆነ። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ድምፁን ይወፍርበታል፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ያ ድምፅ ይሾልና ይነድፋል፤ ሰብለ ወንጌል ዘንድ ሲደርስ ይለሰልሳል። አንድ ሰው ብቻውን ቤተ ዘመዱን ሁሉ ይዞ የገባ ይመስል ነበር። ዛሬም መጽሐፉን ገልጬ ሳነብ ከፊደሉ በላይ የሚሰማኝ እሱ ነው። ይህ ለመጽሐፉ መታደል ይሁን መነጠቅ ለብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ፤ አልቆረጥኩም።

ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ዐረፈ። ከተስፋዬ ገሠሠና ከደበበ እሸቱ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣ የመድረክ ሰው ነበርና ቴአትሩም አዝኗል። የእኛ ቤት ኀዘን ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ «አሁን ማን ሊያነብልን ነው?» የሚል ነበር።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ብዙ ብልኀት ተፈጥሯል። የእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናዩ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ታውኮ በእ.ኤ.አ. 1966 ሲሰናበት፣ ደራሲዎቹ ገጸ ባሕርዩ ሰውነቱን ለውጦ እንደ አዲስ የሚነሣ ፍጡር ነው ብለው ፓትሪክ ትራውተንን ተኩበት። ይኸው ዘዴ ሆኖላቸው ድራማው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረ። የአሜሪካኖቹ «ዳላስ» ደግሞ በ1985 ቦቢን ገድሎ ቀብሮ፣ ተዋናዩ ፓትሪክ ደፊ በዓመቱ ሊመለስ ሲስማማ፣ በመካከል የታየውን የአንድ ዓመት ታሪክ ሁሉ የሚስቱ ሕልም ነበር አለ። ተመልካች ዓመት ሙሉ ያለቀሰው ለሕልም ኖሯል! እኔ ብሆን ቴሌቪዥኑን ዳግመኛ አልከፍተውም ነበር።

የእኛው ራዲዮ እንዲህ ያለ ሰበብ አላስፈለገውም። የዝግጅቱ ስም የተራኪው ሳይሆን የመጻሕፍቱ ነበር፤ አንዱ መጽሐፍ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ አንዱ አንባቢ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። በወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ጆሮ ግን እንደ ወረቀት አይደለም። ጋሼ በአዲስ ድምፅ የሚነበብ መጽሐፍ በሰሙበት የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳይሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ጋሼ፣ ምነው? ገና መጀመሩ እኮ ነው» አለቻቸው እናቴ።

«ይሄ ሌላ ሰው ነው» አሉና ከዘራቸውን ፈለጉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት አልመጡም። እኔ ራዲዮ ሳዳምጥ የከዳኋቸው ያህል ይሰማኝ ነበር፤ እያፈርኩም ቢሆን አዳምጥ ነበር። ሕፃን ልብ ለሙታን የሚያደርገው ታማኝነት አጭር ነው ልበል? ወይስ ታሪኩ ራሱ ከተራኪው በላይ ይጎትተኝ ነበር? እስካሁን በደንብ ያልለየሁት ይህን ነው።

ጋሼ የተመለሱት ፍቃዱ ተክለማርያም የሚተርከውን መጽሐፍ ከሰው ቤት ሰምተው ነው። እናቴ በመገረም ለምን እንደ መጡ ስትጠይቃቸው የመለሱላትን አልረሳውም፤ «ይሄኛው እሱን ሊመስል አይሞክርም።»

ዐይን ያለን ሰዎች ያላስተዋልነውን ጆሯቸው ለይቶት ነበር። ከወጋየሁ በኋላ በየመድረኩና በየትምህርት ቤቱ ሚኒሚዲያ ማይክሮፎን የጨበጠ ሁሉ (እኔም ጭምር፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጉዱ ካሣን ስተርክ የነበረኝን ድምፅ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቀላል) ወጋየሁን ለመሆን ይጥር ነበር። ፍቃዱ ግን የራሱን ይዞ መጣ። በ«ኤዲፐስ ንጉሥ» እና በ«ንጉሥ አርማህ» መድረክ ላይ ያየው ሰው እንደሚያውቀው ድምፁ ግርማ ነበረው፤ በራዲዮ ሲያነብ ግን ያንን ግርማ ዝቅ አድርጎ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚያወራ ሆኖ ነበር። የሞተው ሰው መቀመጫ ላይ አልተቀመጠም፤ አጠገቡ ሌላ ወንበር አቀረበ። ዝግጅቱን ያቆየው ይህ ይመስለኛል።

ፍቃዱም በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የ62 ዓመት ሰው ነበር። ያን ጊዜ እኔ ቡራዩ ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሼ ከእሱ ቀድመው ዐርፈዋል። ዜናውን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ በገፈርሳ በኩል ስመለስ ነው። ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፍ አደረገው፤ ማንም አልተናገረም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሲያስጠጉ አየሁ። የፍቃዱን መልክ አያውቁት ይሆናል፤ ድምፁ ግን በቤታቸው የኖረ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቴሌቪዥን ፊት ያረጅበታል፣ ፊት ይጎድልበታል። የራዲዮ ትረካ ግን ከሙታኑ ጋር አብሮ ይቀጥላል፤ የወጋየሁ ትረካ በየጊዜው እየተደገመ ይቀርባል፣ በካሴት ተቀድቷል፣ አሁን ደግሞ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከእነ ፍቃዱ ጋር ጎን ለጎን ይሰማል። ማን ቀድሞ እንደ ሄደ፣ ማን ማንን እንደ ተካ አዲሱ ትውልድ አያውቅም፤ ቢነግሩትም ብዙ አይደንቀው።

ባለፈው ዓመት ሱሉልታ እኅቴ ቤት አድሬ ነበር። ሱሉልታም፣ ሰበታም፣ ቡራዩም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ እኛ ግን ዛሬም በየስማቸው እንጠራቸዋለን። ቤቱ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነ የኤፍ ኤሙ ድምፅ ይቆራረጣል። የእኅቴ ልጅ በዚህ ተማርራ ስልኳን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጉዱ ካሣ መናገር ጀመረ። ሰውነቴን ነዘረኝ።

ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ቀና ብላ፣ «አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ አሁን የትኛው ድራማ ላይ ነው የሚሠራው?» አለችኝ።

«ከ1982 ወዲህ አልሠራም» አልኳት።

ዓመቱን በልቧ ስታሰላ ታየችኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችውና ድምፁን ጨመረችው።