የአግራው ሙናዘራ፦ የመጻሕፍት ግጭትና የኢማን ጥያቄ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሱትን አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። በክርስቲያኖች መጽሐፍ ውስጥ እርስ በርሱ የማይስማማ የሚመስል ነገር ካለ እነርሱ እንዴት አድርገው ያምኑበታል? እኛስ ይህንን ስናነሳ ምን ለማግኘት ብለን ነው? መልሱን ከስሜት ይልቅ ከታሪክ መፈለግ ይሻላልና፣ በሕንድ አገር በአግራ ከተማ በ1854 የተካሄደውን ሙናዘራ እናስታውሳለን። ዓመቶቹን በሙሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለቱ ተከራካሪዎች

በዚያን ጊዜ ሰሜን ሕንድ በእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አስተዳደር ሥር ነበረ። የሙጋል ነገሥታት ኃይላቸው ተዳክሞ ስማቸው ብቻ ቀርቷል። ሚስዮናውያን በየከተማው ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት እየከፈቱ ይሰብኩ ነበር። ከእነርሱ መካከል የታወቀው በ1803 የተወለደው ጀርመናዊው ካርል ፕፋንደር ነው። ፕፋንደር ቀደም ሲል በካውካሰስ አገር የኖረ፣ ፋርስኛ የሚያውቅ ሰው ነበር። «ሚዛኑል ሐቅ» የተሰኘው መጽሐፉ በፋርስኛና በኡርዱ ታትሞ በሙስሊሞች መካከል ተሠራጭቷል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ተውራትና ኢንጂል እንዳልተለወጡና እንዳልተሻሩ ሊያስረዳ ይጥራል።

መልስ ለመስጠት የተነሡት ሸይኽ ረሕመቱላህ አል-ከይራነዊ ናቸው። ሸይኹ በ1818 ከዴልሂ በስተሰሜን በምትገኘው በከይራና የተወለዱ ዓሊም ነበሩ። ከጎናቸው የተሰለፉት ዶክተር ሙሐመድ ወዚር ኻን ደግሞ በአግራ የሚሠሩ ሐኪም ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ አውሮፓውያን ሊቃውንት ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የጻፏቸውን መጻሕፍት ሰብስበው ያነቡ ነበር። ከፕፋንደር ጎን የቆመው ቶማስ ፍሬንች የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ሲሆን፣ በኋላ ላይ የላሆር የመጀመሪያው የአንግሊካን ጳጳስ ሆኗል።

ከብዙ የደብዳቤ ልውውጥ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በአምስት ርዕሶች ላይ ለመከራከር ተስማሙ። እነርሱም ነስኽ፣ ተሕሪፍ፣ ሥላሴ፣ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነትና የቁርኣን ጉዳይ ነበሩ። ክርክሩ ሚያዝያ ወር ላይ በሙስሊሞች፣ በሚስዮናውያንና በእንግሊዝ ባለሥልጣናት ፊት ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን ወሬው ከተማውን ስላዳረሰ ታዳሚው እጅግ በዛ።

በሁለቱ ቀናት የሆነው

ሸይኽ ረሕመቱላህና ዶክተር ወዚር ኻን ማስረጃቸውን ያመጡት ከሙስሊም ኪታቦች ብቻ አልነበረም። የክርስቲያኖቹን የራሳቸውን ሊቃውንት ጽሑፍ እየጠቀሱ ነበር የሚጠይቁት። ፕፋንደር ይህን አልጠበቀም። አውሮፓን የለቀቀው ገና በወጣትነቱ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የወጡትን አዳዲስ የምርምር ሥራዎች ሙስሊሙ ሐኪም ከእርሱ በተሻለ ያውቃቸው ነበር።

ለምሳሌ ያህል በዮሐንስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ሦስቱ የሰማይ ምስክሮች የሚናገረው ቃል በጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ አይገኝም። ፕፋንደር ይህና ሌሎች ጥቂት ቦታዎች በኋላ ዘመን የገቡ መሆናቸውን፣ በገልባጮች እጅም ብዙ ስሕተት መፈጠሩን በአደባባይ አመነ። ሆኖም የሃይማኖቱ መሠረት የሆነው ትምህርት አልተነካም ሲል ተከራከረ። ሸይኹ ደግሞ የሰው እጅ እንደገባበት የታመነ መጽሐፍ እንዴት የማያጠራጥር ማስረጃ ይሆናል ብለው ጠየቁ። ፕፋንደር ክርክሩ የሚቀጥለው ዋናው ትምህርት አለመለወጡን ሸይኹ ከተቀበሉ ብቻ ነው አለ። ሸይኹ አልተቀበሉም። ስለዚህ ሦስቱ ርዕሶች ሳይነኩ ሙናዘራው በሁለት ቀን ተቋረጠ፤ ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን አሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ በሕንድ በእንግሊዝ ላይ ታላቁ አመፅ ተነሣ። ሸይኽ ረሕመቱላህ ንብረታቸው ተወርሶ አገራቸውን ጥለው ወደ መካ ተሰደዱ። ፕፋንደር በበኩሉ ወደ ኢስታንቡል ተዛወረ። የኦቶማኑ ሱልጣን ዐብዱልዐዚዝ ሸይኹን ከመካ አስጠርተው ስለ አግራው ክርክር ጠየቋቸው፤ «ኢዝሃሩል ሐቅ» የተባለው የታወቀው መጽሐፋቸው የተጻፈው በዚህ ምክንያት ሲሆን በ1864 በዐረብኛ ታትሟል። ፕፋንደር በ1865 እንግሊዝ አገር ሞተ። ሸይኹ በመካ የሰውለቲያ መድረሳን መሥርተው ሲያስተምሩ ቆይተው በ1891 ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ይህ መጽሐፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ በደቡብ አፍሪካ በአንድ የሱቅ ሠራተኛ ወጣት እጅ ገባ። በአካባቢው ከነበረ የሚስዮን ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች በጥያቄ ያስጨንቁት የነበረው ይህ ወጣት አሕመድ ዲዳት (1918–2005) ነው። የሸይኽ ዲዳት ካሴቶችና ትንንሽ መጻሕፍት አገራችን ድረስ ደርሰው በየቤቱ መታየታቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ወጣቶቻችን የሚያነሷቸው ብዙ ጥያቄዎች እንግዲህ ሥራቸው አግራ ነው።

ክርስቲያኖች እንዴት ያስታርቁታል?

አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህን ልዩነቶች መጀመሪያ ያስተዋሉት ሙስሊሞች አይደሉም፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ ያውቋቸዋል። በማቴዎስ ወንጌል የዮሴፍ አባት ያዕቆብ ሲባል በሉቃስ ወንጌል ኤሊ ይባላል። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዩልዮስ አፍሪካኑስ፣ ያለ ልጅ የሞተን ሰው ሚስት ወንድሙ የሚያገባበትን የአይሁድ ሕግ ጠቅሶ፣ አንዱ የሥጋ ሌላው የሕግ አባት ነው ሲል አስታረቀው። ከእርሱ በፊት ታትያን አራቱን ወንጌላት አንድ ላይ አዋሕዶ ነበር። አውግስጢኖስም በ400 አካባቢ ስለ ወንጌላት ስምምነት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያኒቱ መምህራን «አንድም» እያሉ ለአንድ ቃል ብዙ ትርጓሜ ይሰጣሉ።

የቁጥር ልዩነትም አለ። ንጉሥ አካዝያስ ሲነግሥ ዕድሜው በካልዕ ነገሥት ምዕራፍ 8 ላይ 22 ዓመት ነው። በዕብራይስጡ በካልዕ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 ላይ ግን 42 ይላል። አባቱ ሲሞት የ40 ዓመት ሰው ስለነበር፣ ሁለተኛውን ቁጥር ከያዝን ልጁ ከአባቱ በሁለት ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ጥንታዊው የሱርስት ትርጉም 22 ይላል። ስለዚህ ብዙ ክርስቲያን ሊቃውንት የገልባጭ ስሕተት ነው ብለው ያልፉታል።

ታዲያ ይህ እምነታቸውን አያናጋባቸውም? ብዙዎቹን አያናጋም። ምክንያቱም እነርሱ መጽሐፉን የሚያዩት ሰዎች በመንፈስ ተመርተው የጻፉት ምስክርነት አድርገው ነው። የጸሐፊው አቀራረብ ቢለያይ፣ ገልባጭም ቁጥር ቢያሳስት፣ ዋናው ምስክርነት አለ ይላሉ። እያንዳንዱ ፊደል ስሕተት የለበትም የሚለው ወገን ግን ሸክሙ ይከብደዋል። እኛ ሙስሊሞች ወሕይ ስንል ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ያወረደውን የአላህን ቃል ማለታችን ነው። አግራ ላይ ሁለቱ ወገኖች ያልተግባቡት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው፤ «የአላህ ቃል» ሲሉ የሚያስቡት ነገር አንድ አልነበረም።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

አንደኛ፣ ፍትሕ ይኖረን ዘንድ ታዘናል። ቁርኣን ከአላህ ሌላ ከሆነ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ብዙ መለያየት ይገኝበት እንደነበር በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 82 ተነግሮናል። ይህ የኛ እምነት ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ወደ ዐብደላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ አንዳንድ አንቀጾች እንደተጋጩበት በጠየቃቸው ጊዜ አልተቆጡትም፤ አንድ በአንድ አስረዱት። ቡኻሪ ዘግበውታል። ኢብን ቁተይባ (በ889 የሞቱት) አስቸጋሪ የሚመስሉ የቁርኣን አገላለጾችንና የሚጋጩ የሚመስሉ ሐዲሶችን የሚያብራሩ መጻሕፍት ጽፈዋል። እኛ ለጠያቂ የምናብራራ ከሆነ የሌላውንም ማብራሪያ እስከ መጨረሻው መስማት ይገባናል። ሰምቶ አላሳመነኝም ማለት መብት ነው፤ ሳይሰሙ መሳቅ ግን የዓሊም ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለመመዘኛ የምንጠቀምበትን ነገር እንወቅ። ከአውሮፓ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በ1835 መጽሐፉን ያሳተመው ዳቪድ ሽትራውስ፣ የዒሳን (ዐ.ሰ.) ተኣምራት ሁሉ ተረት ያደርጉ ነበር። እኛ ግን መርየም (ዐ.ሰ.) በድንግልና መውለዷን፣ ዒሳም (ዐ.ሰ.) በአላህ ፈቃድ ሙት ማስነሣቱን እናምናለን። የእነዚያን ሰዎች ቃል ያለ ማጣራት የሚያነሣ ሰው የራሱንም ኢማን ሊመታ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በዑለማዎቻችን መካከልም ስለ ተሕሪፍ አገላለጽ ልዩነት አለ። የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝም (994–1064) የጽሑፉን መለወጥ አጥብቀው ሲያስረዱ፣ ሌሎች ደግሞ ይበልጥ በትርጉም መጣመም ላይ አተኩረዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የመጽሐፉ ሰዎች የሚነግሩንን በጅምላ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሳንል፣ ወደኛና ወደእነርሱ በወረደው እናምናለን እንድንል አስተምረውናል።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የኛና የክርስቲያኖች ዋናው ልዩነት የአካዝያስ ዕድሜ አይደለም። አራቱ ወንጌላት በአንድ ቁጥር እንኳ ባይለያዩ የተውሒድ ጥያቄ በቦታው ይቆያል፤ ዒሳ (ዐ.ሰ.) የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ናቸው ወይስ የሚመለኩ? በቁጥር ግጭት ብቻ መጽሐፉን የጣለ ሰው ሁሉንም ሃይማኖት ሊጥል ይችላል። ተውሒድን የተረዳ ሰው ግን የሚሄድበትን ያውቃል።

በዚህ ረገድ የኛው አገር ታሪክ ትልቅ ምሳሌ ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት በቆሙ ጊዜ የንጉሡን መጽሐፍ ስሕተት አልቆጠሩም። አንብቡልኝ ሲሏቸው ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ አነበቡ፤ ነጃሺም አለቀሱ። በማግሥቱ ዐምር ኢብኑል ዓስ ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ በከሰሳቸው ጊዜ፣ ስደተኞቹ የመጣው ይምጣ ብለው አላህ ያለውን ብቻ ለመናገር ተስማሙ። እምነታቸውን አልደበቁም፤ የንጉሡንም እምነት አልሰደቡም። በሱረቱል ዐንከቡት አንቀጽ 46 የታዘዝነውም ይኸው ነው፤ ከመጽሐፉ ሰዎች ጋር ስንነጋገር በመልካሙ መንገድ ይሁን።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ስለ ሃይማኖት ሲነጋገሩ፣ የጥቅስ ዝርዝር ከማስታጠቃችሁ በፊት ዐቂዳቸውን አስተምሯቸው። ቁርኣኑን ይቅሩ፤ ያላነበቡትን አንብበናል አይበሉ፤ ለማያውቁት አላሁ አዕለም ማለትን ይልመዱ። ሸይኽ ረሕመቱላህ የክርስቲያኖቹን መጻሕፍት ሳያጠኑ ወደ አደባባይ አልወጡም ነበር።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ እርሱንም ለመከተል ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።