ስፍርና ሚዛን፤ የአንድ ኩባያ ዱቄት ታሪክ

በውኃ ጉዳይ ስፍርና ሚዛን ጥል የላቸውም። የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1795 ባወጣው ሕግ፣ ግራም ማለት በበረዶ መቅለጫ ሙቀት ላይ ያለ የአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ንጹሕ ውኃ ክብደት ነው ብሎ ስለ ደነገገ፣ አንድ ሊትር ውኃ የሰፈረ ሰው አንድ ኪሎ ያህል መዘነ ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ዱቄት፣ ጨውና ቅቤ በተራቸው ወደ ኩባያው ሲገቡ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ በታተሙ የወጥ ቤት መጻሕፍት ውስጥ «የእንቁላል ያህል ቅቤ»፣ «አንድ የሻይ ሲኒ ዱቄት» የሚሉ ትእዛዞች የተለመዱ ነበሩ፤ ሲኒው የማን ሲኒ እንደ ሆነ ግን አይነገርም። ይህን ለማስተካከል ከጣሩት አንዷ የቦስተኗ ወይዘሪት ፋኒ ፋርመር ናቸው። በወጣትነታቸው በደረሰባቸው ሕመም ትምህርታቸውን ያቋረጡት እኚህ ሴት፣ 30 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በቦስተን የምግብ አሠራር ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ ቆይተውም ኃላፊው ሆኑ። በ1896 ያሳተሙትን መጽሐፍ አሳታሚው ስላልተማመነበት፣ የመጀመሪያው 3,000 ቅጂ የታተመው በራሳቸው ወጪ ነበር።

የወይዘሪት ፋርመር ደንብ እንደ ቤተ ሙከራ መመሪያ ጥብቅ ነው። ዱቄቱ አስቀድሞ ይነፋል፤ በማንኪያ ወደ ኩባያው ይጨመራል፤ ትርፉ በቢላዋ ይጠረጋል፤ ኩባያው ግን ፈጽሞ መነቅነቅ የለበትም። ቅቤ በአንጻሩ ታጭቆ ይሰፈራል። ከዚህም ጋር ስፍርን ወደ ክብደት የሚመልስ ሠንጠረዥ አቅርበዋል፤ 2 ኩባያ ቅቤ አንድ ፓውንድ፣ 2 ኩባያ ስኳር አንድ ፓውንድ፣ 4 ኩባያ ዱቄት አንድ ፓውንድ። በእኛ ሚዛን አንድ ኩባያ ዱቄት 113 ግራም ያህል መሆኑ ነው።

ቢላዋው ግን የሚያስተካክለው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። በፍሬዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አይነካም። እኩል የሆኑ ድቡልቡል ፍሬዎች እንኳ በደንብ ተነቅንቀው ከዕቃው ይዘት የሚሞሉት 64 በመቶ ያህሉን ነው፤ እንዲሁ ቢፈሱ ደግሞ ያነሰ ይሞላሉ። ዱቄት ደቃቅ ስለ ሆነና እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ልዩነቱ ይብሳል። ያልተነፋ ዱቄት በኩባያው ራሱ ከከረጢቱ ቢዛቅ እስከ 150 ግራም ሊመዝን ይችላል። እንግዲህ 4 ኩባያ ዱቄት በ300 ግራም ውኃ ይቦካ ቢባል፣ እንደ ወይዘሪት ፋርመር ለሰፈረ ሰው ውኃው የዱቄቱ 66 በመቶ ሲሆን፣ ለዛቀው 50 በመቶ ብቻ ይሆናል። ያኛው ለስላሳ ሊጥ ያገኛል፤ ይህኛው ደረቅ፣ ለእጅ የሚያስቸግር። ሁለቱም ግን መጽሐፉን ተከትለዋል። በዚህ ላይ ኩባያው ራሱ በአሜሪካ 237፣ በአውስትራሊያ 250፣ በጃፓን 200 ሚሊ ሊትር ነው።

ይህ የባዶ ቦታ ጉዳይ በገበያ ላይ ገንዘብ ነው። ጤፍ በጣሳ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሻጭ ቀስ አድርጎ ያፈስሳል፣ ገዢ «ነቅነቅ አድርገው እንጂ» ይላል፣ በመጨረሻም በምርቃት ይታረቃሉ። ክርክሩ ስለ እፍግታ ነው ብንላቸው ሁለቱም ይስቁብን ነበር።

ሆኖም በስፍር የሚሠራን ሁሉ ተሳሳተ ማለት አይገባም። እናቴ የሚሰፍሩበትን የበርበሬ ጣሳ ወደ ኪሎ ለመለወጥ ፈልጌ እርሳቸው እየሞሉ ሦስት ጊዜ ብመዝነው፣ ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥር ሰጠኝ። የትኛውን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እርሳቸው በርበሬውን በጣታቸው እያሹ ጨው ይጨምሩ ነበር፤ ጨውንም የሚለኩት በጣሳ ሳይሆን በመቅመስ ነው። በማስታወሻዬ ላይ የሦስቱን አማካይ ጻፍሁ፤ ከጨው ፊት ለፊት ያለውን መስመር ግን ባዶ ተውሁት።